ቁልፉ ኪስ ውስጥ ነበር፦ ከወለቴ ካራ ቆሬ ደርሳ የተመለሰች ሞተር ያመጣችው ዕዳ

ስለ ሞተር ቅጣት ሲወራ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ስንት ብር ነው?» ሄልሜት ባታደርግ ስንት ነው፣ መንጃ ፈቃድ ባይኖርህ ስንት ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብትያዝ ስንት ነው። አሁን የማወራላችሁ ጉዳይ ላይ እነዚህ ሁሉ ባንድ ምሽት ተገኙ። ቤተሰቡን ያንገዳገደው ግን ትራፊኩ የጻፈው ወረቀት አይደለም። ከጠቅላላው ወጪ ውስጥ ትንሹ እሱ ነበር። ትልቁን የከፈለው ደግሞ ሞተሯን ያልነዳው ሰው ነው፤ አደጋው ሲደርስ ሳህን ይዞ ዘመድ ቤት ቁጭ ብሎ ነበር።

ጉዳዩን በደንብ የማውቀው ሰውየው ጎረቤቴ ስለሆነ ነው። ድሮ ኢንሹራንስ ቤት ካሳ ክፍል ስለሠራሁም የደረሰውን ወረቀት ሁሉ ይዞ እኔ ጋ ይመጣ ነበር። የምጽፈው በፈቃዱ ነው፣ ስም ግን አልጠራም። እሱን ባለሞተሩ፣ የነዳውን ልጅ ደግሞ የአክስቱ ልጅ እያልኩ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። ከአየር ጤና በጅማ መንገድ ስትወጣ ካራ ቆሬን ታልፋለህ፣ ቀጥሎ ወለቴ፣ ቀጥሎ ዓለም ገና፣ ከዚያ ሰበታ። አስፋልቱ አንድ ነው፣ ታክሲውም አንድ ነው፣ ጠዋት ወለቴ ተሳፍሮ አየር ጤና የሚወርደው ሰውም ድንበር ተሻገርኩ ብሎ አያስብም። ግን ካራ ቆሬ ጋ አዲስ አበባ ያልቅና ኦሮሚያ ይጀምራል። በ2015 ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገላን፣ ለገጣፎና ሌሎቹም ተሰብስበው ሸገር ከተማ ሲባሉ ወለቴም እዚያው ውስጥ ገባች። ለእግረኛ ይሄ ምንም ለውጥ የለውም። ለሞተረኛ ግን አለው።

ምክንያቱም በሰኔ 2011 በወቅቱ ምክትል ከንቲባ የነበሩት ታከለ ኡማ ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር እንደማይንቀሳቀስ አስታወቁ። ፖስታ ቤትና ኤምባሲን የመሳሰሉ ከዚህ ነፃ ሆኑ። ለክልከላው የተሰጠው ምክንያት ዝርፊያ ነው፤ በሞተር መጥቶ ስልክና ቦርሳ ነጥቆ መሰወር በዝቶ ነበር፣ ይሄን አዲስ አበባ የኖረ ሰው አይክደውም። በኋላ ለተመዘገቡና ፈቃድ ላገኙ ሞተሮች በሩ ተከፈተ። ሆኖም ነገሩ የፈቃድ ጉዳይ ሆኖ ቀረ፤ ሞተር ስላለህ ብቻ አትገባም። የክልል ታርጋ ይዞ ዳር ላይ የሚኖር ሰው እንግዲህ ቤቱ ደጃፍ ሕጋዊ ነው፣ ጥቂት ፌርማታ ወደ ከተማ ሲጠጋ ደግሞ ጥፋተኛ ይሆናል። እኔ ክልከላው ከመሬት ተነስቶ የመጣ ነው አልልም። ግን ሰርቆ የማያውቀውን የዳር አገር ሞተረኛ ከሌባው ጋር አንድ ላይ እንደከተተው መናገር አለብኝ።

ባለሞተሩ ይሄን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቃል። ሥራው ከሱቅ ሱቅ ዕቃ ማድረስ ነው፣ ዓለም ገናና ሰበታ መሃል። ሞተሯ ቦክሰር ናት፣ ሁለተኛ እጅ፣ ኦሮ ታርጋ። ሊብሬው በስሙ ዞሯል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፣ በውክልና ብቻ ዓመታት የሚነዳ ስንት ሰው አለ። ቦሎ አላት፣ ሶስተኛ ወገን አላት። እሱም የሞተር መንጃ ፈቃድ አለው፣ ሄልሜት ሳያጠልቅ አይነሳም። ወደ ካራ ቆሬ ማዶ የሚሄድ ዕቃ ሲመጣ እዚያው ወለቴ ለታክሲ ረዳት አስረክቦ ይመለሳል። ትራፊክ ሲያስቆመው ወረቀቱን ቀድሞ የሚዘረጋ ዓይነት ሰው ነው። ይሄን የምነግራችሁ እሱን ለማሞገስ አይደለም። ሁሉን ነገር በሥርዓት የያዘ ሰው ላይ ነው ነገሩ የደረሰው፣ እሱን እንድታዩልኝ ነው።

የማህበሩ ዕለት

ቀኑ ሚካኤል ነው፣ አክስቱ ቤት ማህበር አለ። ወደ አመሻሽ ላይ ለስላሳው አለቀ። አክስቱ ጓዳ በር ላይ ቆመው «ኧረ አንድ ሳጥን አምጡልኝ፣ እንግዳ ፊት አታሳፍሩኝ» አሉ። ባለሞተሩ ገና መብላት ጀምሮ ነበር። የአክስቱ ልጅ «እኔ በሞተር ቶሎ ደርሼ ልምጣ» አለ። ባለሞተሩም አፉ ውስጥ ጉርሻ እያለ «ቁልፉ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው» አለው። በቃ፣ ይቺው ናት። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው እዚች ላይ ነው።

ልጁ ሞተር መንዳት አይችልም ማለት አይደለም። ውስጥ ለውስጥ በኮረኮንቹ መንገድ ሲነዳ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። መንጃ ፈቃድ ግን የለውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልጨምር፣ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ኖሮትም ቢሆን አይጠቅመውም ነበር። በአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ 1074/2010 ሞተር ሳይክል የራሱ ምድብ ነው፤ ራሱን ችሎ ትማርበታለህ፣ ትፈተንበታለህ።

ልጁ አንድ ጓደኛውን ከኋላ ጭኖ ወጣ፣ ሳጥኑን የሚይዝለት። ወለቴ ያለው ባለሱቅ «ባዶውን ጠርሙስ ካላመጣህ አልሰጥም» አለው። ተመልሶ ባዶውን ማምጣት ይችል ነበር፣ ከቤቱ ያን ያህል አይርቅም። እሱ ግን ካራ ቆሬ በእምነት የሚሰጠው ባለሱቅ ያውቃል። ስለዚህ ድንበሩን ተሻገረ። ሄዶ ለስላሳውን ይዞ ሲመለስ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ሄልሜቷ አብራው ነበረች፣ ክርኑ ላይ። ሞተረኛ ያለበት አካባቢ የምትኖሩ ይሄን ታውቁታላችሁ፤ ክርን ላይ ትንጠለጠላለች፣ ትራፊክ ከሩቅ ሲታይ ጭንቅላት ላይ ትወጣለች፣ ትራፊኩ ሲታለፍ ወደ ክርን ትመለሳለች። ከኋላ ለተቀመጠው ደግሞ ጭራሽ የለም፣ ደንቡ ግን ሁለቱም እንዲያደርጉ ነው የሚያዘው። ሳጥኑ በሁለቱ መሃል ተቀምጧል፣ ጓደኛው በሁለት እጁ አቅፎታል፣ ስለዚህ የሚይዘው ነገር የለውም።

ፊታቸው ሚኒባስ ቆመ። ረዳቱ «ወራጅ አለ» ብሎ በሩን ከፈተ። በግራ እንዳይቀድም ከኋላ ሲኖትራክ እየመጣ ነው። በቀኝ በኩል በሚኒባሱና በቦዩ መሃል አንድ ሞተር የምታሳልፍ ክፍተት አለች። እሷን አያትና ገባባት። የሚኒባስ በር የሚከፈተው በዚያ በኩል መሆኑን እንኳን ሞተረኛ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ግን በየቀኑ ስንት ሞተረኛ በዚያ ክፍተት ሲሾልክ እናያለን፣ ምንም ሳይሆን ስለሚያልፍ መንገድ ይመስለዋል። ያን ዕለት ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ይዘው ይወርዱ ነበር። አንድ እግራቸው መሬት እንደነካ ሞተሯ ደረሰች። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰበረ።

ልጁ በፊቱ ተደፋ። ሄልሜቷ ክርኑን ደህና አድርጋ አተረፈችው፣ ግንባሩ ግን ተሰፋ። ሄልሜት የሞተረኛን የሞት አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ጥናቶችን ሰብስቦ የገመገመ ሥራ አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ለዓመታት ሲጠቅሰው ኖሯል። ቁጥሩ ግን የሚሠራው ጭንቅላት ላይ ላለች ሄልሜት ነው። ጓደኛው ከጠርሙስ ስባሪው መሃል ተነስቶ እግሬ አውጪኝ አለ። ልጁም ለመሄድ ሳያስብ አልቀረም፣ ራሱ ዞሮበት መነሳት ስላቃተው ቀረ። እንኳንም ቀረ። ጉዳት አድርሶ ተጎጂን ጥሎ መሄድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፣ ዳኛ ፊትም ከዚህ በላይ መጥፎ አቀራረብ የለም።

ሰዉ ሴትዮዋን ባጃጅ ላይ አወጣ። መጀመሪያ የወሰዷቸው ቦታ «ማን ነው የሚከፍለው?» የሚለው ጥያቄ ተነሳ፣ እንደሁልጊዜው። ይሄን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ጥሩ ነው፦ የሶስተኛ ወገን መድን አዋጅ 799/2005 ሲወጣ የተሽከርካሪ አደጋ የደረሰበት ማንኛውም ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል።  ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም የመጀመሪያውን በር ያስከፍታል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው ተሽከርካሪ ሲሆን ደግሞ የመድን ፈንድ የሚባለው አለ።

ትራፊኩ የጻፈው

ትራፊኩ መጣ፣ ፕላን አነሳ። በሜትር ለካ፣ በጠመኔ አሰመረ፣ የሚኒባሱን ረዳት ቃል ተቀበለ። ፕላን የሚባለው ያ ንድፍ ቀላል ወረቀት እንዳይመስላችሁ። ኢንሹራንሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ዳኛውም መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ሚኒባሱ የት ቆሞ ነበር፣ ሞተሯ በየት በኩል ገባች፣ ሴትዮዋ የት ወደቁ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። በዚህ ፕላን ሴትዮዋ ላይ የሚለጠፍ ጥፋት አልነበረም። የወረዱት ከቆመ መኪና ነው፣ ወደ መንገድ ዳር። ዜብራ በሌለበት ሲሻገሩ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ሊካፈልና ካሳው ሊቀንስ ይችል ነበር።

ከዚያ ጥፋቶቹ ተዘረዘሩ። ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት። ያለ ፈቃድ ሞተር ይዞ ከተማ መግባት። ነጂውም የተጫነውም ሄልሜት አለማድረግ። በቀኝ መቅደም። አደገኛ ጭነት። እነዚህ በትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ እርከን እርከን ተመድበው፣ እያንዳንዱ የራሱ የገንዘብ ቅጣትና የጥፋት ነጥብ ያላቸው ናቸው። መነሻው ደንብ 208/2003 ነው፣ በ2009 በደንብ 395 ተሻሻለ፣ በኋላ ደግሞ ደንብ 557/2016 መጣ። ነጥቡ እየተጠራቀመ ሲሄድ መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል። ለዚህ ነው ደህና ሞተረኛ ከብሩ ይልቅ ነጥቡን የሚፈራው፣ ብሩ ተከፍሎ ይረሳል፣ ነጥቡ መዝገብ ላይ ይቀመጣል። የአክስቱ ልጅ ግን ነጥብ የሚመዘገብበት መንጃ ፈቃድ እንኳን የለውም። የሚይዙት ወረቀት ሲያጡ የያዙት ሞተሯን ነው። ጣቢያ ገባች።

ሰው ባይጎዳ ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ቅጣቱ ይከፈላል፣ ሞተሯ ትለቀቃለች፣ ባለሞተሩ የአክስቱን ልጅ ይቆጣዋል። ሰው ሲጎዳ ግን ጉዳዩ ከደንብ መተላለፍ ወጥቶ ወንጀል ይሆናል። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559። ሴትዮዋ ሞተው ቢሆን ደግሞ አንቀጽ 543 ነው፤ ግልጽ ደንብ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። በዚያች ክፍተት ለመሹለክ የተቆጠበችው ደቂቃ እዚህ ሁሉ ድረስ ትደርስ ነበር።

«ሰርቆኝ ነው በል»

ባለሞተሩ ማታውኑ ጣቢያ ሄደ። በር ላይ አንድ ጉዳይ አዋቂ አገኘው፣ በየጣቢያው በር አይጠፉም። ነገሩን ሰምቶ ወዲያው መፍትሔ ሰጠው። «አንተ ምን አገባህ? ሳላውቅ ሰርቆኝ ነው የሄደው ብለህ አመልክት፣ ትገላገላለህ።» ባለሞተሩ እዚያው ቆሞ ደወለልኝ። «ምን ላድርግ?»

ምክሩ ሙሉ በሙሉ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ አደገኛ የሚያደርገውም እሱ ነው። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የሚለው ይሄን ነው፦ የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ ጉዳቱን ያደረሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ጥፋት የለብኝም፣ እዚያ አልነበርኩም፣ አልፈቀድኩም፣ ማንኛቸውም አያድኑትም። ሕጉ ከተዋቸው ጥቂት መውጫዎች አንዱ ስርቆት ነው፤ ተሽከርካሪው ጉዳቱን ባደረሰበት ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ባለቤቱ ካስረዳ ይድናል። ሌላው ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ከሆነ ነው። ጉዳይ አዋቂው የመጀመሪያዋን መውጫ ነው ያየው።

እኔ ያልኩት እንዲህ ነበር። አንደኛ፣ ውሸት ነው፣ በሐሰት ወንጀል ማመልከት ደግሞ ራሱ ወንጀል ነው። ሁለተኛ፣ «ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው» ስትል የማህበሩ ሰው በሙሉ ሰምቷል፣ ቄሱን ጨምሮ። ሦስተኛ፣ የአክስትህ ልጅ ከቸልተኝነት ወደ ሌብነት ይዞራል፣ ካሳውን ለማምለጥ ብለህ ልጁን እስር ቤት ታስገባዋለህ። ከዚያ በኋላ አክስትህ ቤት ማህበር የለም። ዝም አለ። ኋላ ገብቶ ቃሉን ሰጠ፦ «ቁልፉ የት እንዳለ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቹ ሞኝ ነው ብለውታል። እኔ አልልም። ግን ዋጋውን ከፍሏል፣ እሱን አልደብቅም። መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው ተሽከርካሪ አሳልፎ መስጠት ራሱ ጥፋት ስለሆነ በዚያው ቃሉ እሱም ተጠያቂ ሆነ።

«ኢንሹራንስ አለኝ»

ባለሞተሩ አጥብቆ ይዞት የነበረው ተስፋ ሶስተኛ ወገኑ ነው። «በየዓመቱ የምከፍለው ለዚህ አይደል?» ልክ ነው፣ ለዚህ ነው። ግን ሶስተኛ ወገን የሚጠብቀው ሶስተኛውን ወገን ነው። የነጂውን ስፌት አይከፍልም፣ የተሰባበረችውን ሞተር አይጠግንም።

ለሴትዮዋ ኩባንያው ከፈለ፣ ይሄን በጎ ነገር መመስከር አለብኝ። ካሳው ግን ጣሪያ አለው። አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ከፍተኛ መጠን 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር ነበር። የተሰበረ እግር በብረት ታስሮ፣ ቀዶ ሕክምናው፣ ምልልሱ፣ ከዚያ ወራት ጉልት ላይ ሳይወጡ የቀረው ገቢ ሲደመር ከጣሪያው ያልፋል። ከጣሪያው በላይ ያለው ወዴት ይሄዳል? ወደ 2081፣ ማለትም ወደ ባለሞተሩ።

ይሄ አንድ። ሁለተኛው መዘዝ ዘግይቶ ነው የመጣው፣ በደብዳቤ። ኩባንያው ለተጎጂዋ የከፈለውን ገንዘብ ባለሞተሩ እንዲተካ ጠየቀ፣ ምክንያቱም ሞተሯ የተነዳችው መንጃ ፈቃድ በሌለው ሰው ነው፣ ይሄ ደግሞ የውሉ መጣስ ነው። ካሳ ክፍል እያለሁ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ስንት ጊዜ አርቅቄያለሁ፣ የሚቀበለውን ሰው ፊት ግን አላየሁም ነበር። የኢንሹራንስ ውሉ ላይ ሁሉም ነገር በግልጽ ተጽፏል። ችግሩ ማንም አያነበውም፤ ሰው ሶስተኛ ወገን የሚገዛው ለቦሎና ለትራፊክ ነው።

ሽማግሌ

ከሳምንታት በኋላ ሽማግሌ ተላከ። ከኛ በኩል የማህበሩ ቄስና ሁለት የሰፈር አባቶች፣ እኔም ወረቀት ይዤ ተከተልኩ። ሴትዮዋ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፣ እግራቸው ትራስ ላይ። ትልቋ ልጃቸው ቡና አቀረበች። ማንም እስኪናገር ድረስ ቆየ።

ቄሱ «እመቤቴ፣ ልጁ ልጅዎ ነው፣ አጥፍቷል፣ ይቅር ይበሉት» አሉ።

እሳቸው «አባቴ፣ እኔ የሰው ልጅ አላሳስርም» አሉ። ቀጥለው ግን፣ «ይቅርታውን ዛሬ ልስጥዎት። ነገ ጠዋት ጉልቴ ላይ ማን ይቀመጥልኛል? ቦታዬን እኮ ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

እኔ ኢንሹራንስ ቤት ሳለሁ የጉዳት መጠን በመቶኛ እየተባለ በሐኪም ቦርድ ማስረጃ ሲሰላ ነው የለመድኩት። የጉልት ቦታ በመቶኛ አይገባም። ሽማግሌዎቹ ግን ገባቸው። የተስማሙት እንዲህ ነው፦ ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን የሕክምና ወጪ ባለሞተሩና የአክስቱ ቤት ይካፈላሉ፣ እሳቸው እስኪቆሙ በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፣ ትልቋ ልጃቸው ደግሞ ጉልቱ ላይ ትቀመጣለች፣ ለመነሻ የሚሆን ሽንኩርት በነሱ ወጪ ይገዛል። ሁሉም በጽሑፍ ሰፈረ፣ ምስክር ፈረመበት። ይሄን ጽሑፍ አጥብቄ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። በቃል የታረቁ ሰዎች ከዓመት በኋላ «ያኔ የሰጠኸኝ ለመድኃኒት ነው እንጂ ለካሳ አይደለም» ተባብለው እንደገና ሲካሰሱ አይቻለሁ።

አንዳንዱ ሰው ዕርቅ ከወረደ ክስ ይቀራል ብሎ ያስባል። እንደዚህ ባለ ከባድ ጉዳትና የደንብ ጥሰት ባለበት ጉዳይ ዐቃቤ ሕጉ በዚያ ብቻ መዝገቡን አልዘጋውም። ዕርቁ የጠቀመው ቅጣት ላይ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጥፋተኛው መጸጸቱን፣ ተጎጂውን መርዳቱን፣ ያደረሰውን ጉዳት በአቅሙ መካሱን የቅጣት ማቅለያ ያደርገዋል። ፍርድ ቤት ብዙም አልቆየም፣ ልጁ አመነ፣ የዕርቁ ወረቀት ተያያዘ፣ እስራቱ በገደብ ሆነለትና የገንዘብ መቀጮ ከፈለ።

አሁን ሂሳቡን እንይ። የትራፊክ ቅጣቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ተደምረው ባለሞተሩ በደህና ጊዜ በጥቂት ቀን ሥራ የሚያገኘውን አይበልጡም ነበር። ሞተሯ ጣቢያ የቆመችበት ጊዜ ግን ገቢውን በሙሉ ዜሮ አደረገው፣ ደንበኞቹም ሌላ ሰው ያዙ። በዚያ ላይ የሕክምናው ድርሻ፣ የወር የወሩ፣ የሽንኩርቱ፣ የሞተሯ ጥገና፣ በመጨረሻም የኢንሹራንሱ ደብዳቤ። ሲደመር ሞተሯን የገዛበትን ዋጋ ሊያክል ትንሽ ነው የቀረው። ሸጣት። ወለቴ ያሉት ሞተረኞች ይሄን ታሪክ ሲሰሙ የሚሉት «ካራ ቆሬ ባይሄድ ኖሮ» ነው። እኔ አልስማማም። ድንበሩ አንድ የቅጣት መስመር ጨመረ እንጂ አደጋውን አላመጣውም፤ ያቺ ሚኒባስ ወለቴ ቆማ ቢሆንም ልጁ በቀኝ ይገባ ነበር፣ መንጃ ፈቃድ አይኖረውም ነበር፣ 2081ም ወለቴ ላይ እኩል ይሠራል። በሞተሩ ክልከላ መማረራችን ትክክል ነው፣ እዚህ ጉዳይ ላይ ግን ተጠያቂ አናድርገው።

አንድ የተለወጠ ነገር አለ። የአክስቱ ልጅ ማሰልጠኛ ገብቶ የሞተር መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ ሥራ ይዞም ከወር ደመወዙ ድርሻውን ይሰጣል። ባለሞተሩ አሁን የሌላ ሰው ሞተር በቀን ሂሳብ ይሠራል፣ ባለቤቱ ጋር ሲዋዋሉ ከእሱ በቀር ማንም እንደማይነዳት በጽሑፍ ያስገባው ራሱ ነው። ከኢንሹራንሱ ጋር በየወሩ ለመክፈል ተስማምቷል፣ ገና አላለቀም።

ሴትዮዋ ጉልታቸው ላይ ተመልሰዋል። ትንሽ ያነክሳሉ። የቃሪያ ዋጋ ላይ ግን አሁንም አይቀንሱም።